ሲት ሶፊያና የአጫዋቾች ማኅበር

በ1974 ዓ.ም. እኔ የአርባ ሦስት ዓመት ሰው ነበርኩ። አሰብ ውስጥ ከወደቡ ጀርባ በነበረው የአረጋውያን መጦሪያ በር ላይ ዘበኛ ነበርኩ። ዕድሜዬን የጠራሁት ወጣት ነበርኩ ለማለት አይደለም። በዚያ ግቢ ግን አርባ ሦስት ዓመት ልጅነት ነው። ራሴ መላጣ ሆኖ ሳለ ሽማግሌዎቹ «አንተ ጎረምሳ» ይሉኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው ሲት ሶፊያ ስላረፉ ነው። ባለፈው ሳምንት ለተብርሃን ደወለችልኝ። ለተብርሃን ያኔ ከእኛ ጋር የምትሠራ፣ አሮጊቶቹን ክርና መርፌ የምታስይዝ ልጅ ነበረች። ዛሬ እሷም አያት ሆናለች።

«ጋሽ ሰይድ፣ ሲት ሶፊያ አረፉ» አለችኝ።

«ኢና ሊላሂ» አልኩ። ቀጥሎ የሆነውን ብናገር የሚታዘበኝ ይኖራል፤ ይታዘበኝ። ለተብርሃን በስልኩ ውስጥ ቀስ ብላ «መውጫ ይዘዋል ወይ?» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። እሷም አመለጣት። ለቅሶ ላይ ያለን ሁለት ያረጀን ሰዎች እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ሚስቴ ከጓዳ ወጥታ «ምን ነካህ? አበድክ?» አለችኝ። አላበድኩም። ነገሩን ላላወቀ ግን እብደት ነው የሚመስለው። እንግዲህ ልንገራችሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጺም ካበቀልኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። የጎደለውን አንባቢ ይሙላው።

ሲት ሶፊያ የአሰብ ተወላጅ ናቸው፤ የጀልባ ሠሪ ልጅ። «ሲት» በዐረብኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው፤ እኔንም «ያ ሰይድ» ሲሉኝ «አንተ ሰይድ» ማለታቸው ነው። ጠይም፣ ደንደን ያሉ ሴት ነበሩ። የባሕሩ ነፋስ ሰፊ ቀሚሳቸው ውስጥ ሲገባ ሸራዋን የዘረጋች ሳንቡክ ጀልባ ይመስላሉ። አንገታቸው ላይ የኳስ ዳኛ ፊሽካ ያንጠለጥላሉ። ሲስቁ አጠገባቸው ያለውን ሰው ትከሻ በመዳፋቸው ይመታሉ። ስለዚህ ቀልድ ሊመጣ ሲል የሚያውቃቸው ሁሉ ፈንጠር ይላል። እኔ ግን ዘበኛ ነኝ፤ ከቦታዬ ንቅንቅ አልልም። የግራ ትከሻዬ እስከ ዛሬ ደመና በመጣ ቁጥር ያመኛል።

ሥራቸው አጫዋች ነው። ሽማግሌና አሮጊት ማጫወት። መጀመሪያ የመጡ ቀን በሩ ላይ አስቁሜ «ምን ሥራ ተቀጠሩ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ማጫወት።»

«ማጫወት ደግሞ ምን ሥራ አለው?»

«አንተስ ሥራህ ምንድን ነው?»

«በር መጠበቅ።»

«ምነው፣ በሩ ሊሄድ ነው እንዴ?» አሉና ትከሻዬን መቱኝ። ያ የመጀመሪያው ነው።

ሥራው ግን በቀላሉ አልተያዘላቸውም። መጦሪያችን ውስጥ ያሉት ወንዶች አብዛኞቹ የወደብ ጫኝና አውራጅ የነበሩ ናቸው። አለቃቸው ካቦ ኢብራሂም ነበሩ። ካቦ ማለት የሠራተኛ አለቃ ነው፤ ጡረታ ከወጡ ብዙ ዘመን ቢሆናቸውም ማዕረጉን አላስረከቡም። ሲት ሶፊያ በመጀመሪያው ሳምንት ኳስ ይዘው መጡ። ካቦ ኢብራሂም ኳሱን አገላብጠው አዩት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ኳስ ነው ካቦ። እርስዎ ለጎረቤትዎ ይወረውራሉ፣ እሱ ደግሞ ይመልስልዎታል።»

«ከመለሰልኝ መጀመሪያውኑ ለምን እወረውረዋለሁ?»

ኳሱ በዚያው ቀረ። ሽማግሌዎቹም ወደ አልጋቸው ተመለሱ። በአሰብ ሙቀት መስኮት ተዘግቶ፣ ቬንቲላተሩ እየተንገጫገጨ፣ ጣሪያ እያዩ መዋል ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አይፈርድም። ሰው እንደ ሻማ ነው የሚቀልጠው።

ታዲያ አንድ ቀን አዲስ ትራስ የጫነ መኪና መጣ። ሁለት ጎረምሶች እያንጠባጠቡ ማውረድ ጀመሩ። ካቦ ኢብራሂም በረንዳው ላይ ነበሩ። መጀመሪያ አጉረመረሙ። ከዚያ «እንዲህ ነው የሚራገፈው?» አሉ። ከዚያ ምርኩዛቸውን አንስተው «ልቀቅ! ልቀቅ አንተ! ማነው ያስተማረህ?» ብለው ጮኹ። ሌሎቹም በጩኸቱ ከየክፍሉ ወጡ። መቆም የማይችለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ የሚችለው ግድግዳ ተደግፎ፣ በሁለት ረድፍ ተሰለፉ። ካቦ «ሄላ!» ሲሉ ሁሉም «ሆብ!» አለ፤ ትራሱም ከእጅ ወደ እጅ በረረ። መኪናው ባዶ ሲቀር ሽማግሌዎቹ ላብ በላብ ሆነው ይሳሳቃሉ። ሹፌሩ በሩን ዘግቶ ሊሄድ ሲል ሲት ሶፊያ ፊሽካቸውን ነፉ።

«ወዴት ነው? መልሰህ ጫን!»

«ምን አሉኝ እትዬ?»

«መልሰህ ጫነው ነው የምልህ። ነገ ደግሞ ይራገፋል።»

በቃ። እነዚያ ትራሶች ከዓመት በላይ ከመርከብ ሲወርዱ ኖሩ። መኪናው ከሄደ በኋላ በረንዳው ጫፍ ላይ አንድ ጠረጴዛ ተቀመጠና መርከብ ተባለ። የትራሱ ረድፍ ከዚያ ይነሳል። በረንዳውን ያልፍና ወደ ግቢው በሚያወርደው የሲሚንቶ ተዳፋት አድርጎ እኔ በር ላይ ይደርሳል። ከተዳፋቱ በላይ እማማ አስካለ የተባሉ አሮጊት ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። እነሱ ጉምሩክ ናቸው። ትራሱን ሁሉ ይዳብሳሉ። እማማ አስካለ ኮንትሮባንድ ሳያገኙ የዋሉበት ቀን የለም። ባይኖርም ያገኛሉ።

እኔም ሥራ ተሰጠኝ። «ያ ሰይድ፣ ከመርከብ የወረደ ነገር ያለ እኔ ቃል ከበር አይወጣም። መውጫ የምሰጠው እኔ ነኝ» አሉኝ። እሺ አልኩ። እኔ እሺ ካልኩ እሺ ነው። በወደብ ደንብ ደግሞ መርከቡ አፍ ላይ የተገኘ ነገር የማነው ተብሎ አይጠየቅም፤ ይወርዳል። አንድ ቀን ወጥ ቤቷ ብረት ድስቷን ጠረጴዛው ላይ ለአፍታ አሳረፈች። ዞር ብላ ስትመለስ ድስቱ እኔ ጋ ደርሷል። መውጫ የለውም፤ ሲት ሶፊያ ደግሞ ገበያ ወጥተዋል። ያን ዕለት ግቢው ምሳውን የበላው ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። ወጥ ቤቷ የሰደበችኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ሲት ሶፊያ ሲሰሙ ግን ትከሻዬን ሳይሆን ጉንጬን ቆነጠጡኝ፤ «አንተን ነው የምፈልገው» ብለው።

የፈለጉኝ ለምን እንደሆነ ኋላ ገባኝ። እኔ በሩ ላይ ዳማ እጫወታለሁ፤ በቆርኪ ነው። ጠዋት ጠዋት ሙቀቱ ሳይነሳ ካቦ ኢብራሂም ይመጡና ይገጥሙኛል። እኔም እበላቸዋለሁ። ሌላው ሰው ሁሉ ለሽማግሌ ይሸነፋል፤ ጨዋነት ነው ይላል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይገባኝም። ጨዋታ ጨዋታ ነው። ካቦ በተበሉ ቁጥር ቆርኪውን በትነው፣ እኔንም የባቲ ዘመዶቼንም ረግመው ይሄዳሉ። በማግሥቱም ሌሊት ሲያስቡት ያደሩትን ዘዴ ይዘው ከሁሉ ቀድመው ይመጣሉ።

ኃላፊያችን አቶ ታምራት አንድ ቀን ይህን አይተው «ምናለ አንድ ጊዜ እንኳ ብትሸነፍላቸው? ሽማግሌ እኮ ናቸው» አሉኝ።

«ያሸንፉኛ» አልኳቸው።

ሲት ሶፊያ ከኋላ ሆነው ሰሙ። ምን እንዳሰቡ ግን የታወቀው ቆይቶ ነው።

አቶ ታምራት ክፉ ሰው አልነበሩም። ንጹሕ ነገር ይወዳሉ፤ ሽማግሌም ጭምር ታጥቦ፣ ተኝቶ፣ አንሶላው ተወጥሮ ሲያዩት ነው ደስ የሚላቸው። ጩኸቱ፣ ትራሱ፣ ፊሽካው ሕመም ሆነባቸው። አንድ ጠዋት ሠራተኛውን ሰብስበው «በመንግሥት የሥራ መደብ ውስጥ አጫዋች የሚባል ሥራ የለም። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሲት ሶፊያና ለተብርሃን ወደ ልብስ ማጠቢያ ይዛወራሉ። አረጋውያኑም ከሰዓት በኋላ ያርፋሉ» አሉ።

ሲት ሶፊያ ሲናደዱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ይሄ ነው ያስፈራኝ።

«አቶ ታምራት፣ ካቦ ኢብራሂምን አልጋ ላይ ካዋሉት ይህን በጋ አይወጡትም።»

«ሲት ሶፊያ፣ ይህ የሙያ ጉዳይ ነው። እርስዎ ሙያ የለዎትም።»

«ሙያ የሚባለው መቼ ነው?»

አቶ ታምራት ሰዓታቸውን እያዩ «የሙያ ማኅበር ያለው ነው ሙያ የሚባለው» ብለው ሄዱ። ለመገላገል ብለው የተናገሩት ነው። ምነው ምላሴን በቆረጠው ሳይሉ አልቀሩም፤ ምክንያቱም ሲት ሶፊያ በዚያው ቀን ማኅበር መሠረቱ።

ለማኅበር አምስት ሰው ያስፈልጋል ተባለ። ሲት ሶፊያ አንድ። ለተብርሃን ሁለት። ሐሙስ ሐሙስ ፍየሎቹን ወደ ግቢው እያመጣ የአፋር ሽማግሌዎቹን የሚያስጎበኝ ዓሊ የሚባል የበይሉል መንደር ሰው ሦስት። ጺም ሲላጭ ውሸት የሚያወራው ፀጉር አስተካካይ አራት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አምስተኛው አንተ ነህ ያ ሰይድ።»

«እኔ ዘበኛ ነኝ፤ አላጫውትም።»

«ከሁላችን በላይ የምታጫውተው አንተ ነህ። እኛ እናባብላቸዋለን። አንተ ትገጥማቸዋለህ። ካቦ ኢብራሂም ጠዋት የሚነሱት ለቁርስ ይመስልሃል? አንተን ለመብላት ነው የሚነሱት።»

እሺ አልኩ። እሺ ካልኩ ደግሞ ነግሬያችኋለሁ።

የመጀመሪያው ስብሰባ በልብስ ማጠቢያው ጥላ ሥር ተደረገ። ደንብ ይውጣ ተባለ። እኔ እጄን አውጥቼ «ለሽማግሌ ሆን ብሎ መሸነፍ ክልክል ይሁን» አልኩ። ተጨበጨበልኝና አንደኛ ደንብ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ «በምላጭ ሰዓት መዋሸት ይፈቀድ» አለ። ክርክር ተነሣ። ለተብርሃን «እስከ ምን ድረስ?» አለች። «እስከ አገጭ» አለ። ይህም ጸደቀ። ዓሊ ፍየሎቹ አባል ይሁኑልኝ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ እሱ ወድቋል። የሰይጣን ጆሮ ይደፈንና፣ በዚያ ጊዜ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያ የሳቅኩበት ግን የለም።

ቀጥሎ ዕውቅና ይቀራል። ዕውቅና የሚሰጥ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣል፤ መጦሪያውን ጎብኝቶ፣ ጥያቄያችንን ሰምቶ፣ በዚያው ቀን በሚመለሰው አውሮፕላን ይሄዳል ተባለ። እሱ እንቢ ካለ ሁሉም ያበቃል። ሲት ሶፊያ ወደ ማጠቢያው፣ ሽማግሌዎቹ ወደ አልጋው።

ጓድ ተቆጣጣሪው መጡ። ካኪ ሳፋሪ ልብስ የለበሱ፣ ጥቁር መነጽር ያደረጉ፣ ከንፈራቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። ከኋላቸው ክላሽ ያነገተ አንድ ወታደር አለ። በሩን ስከፍት ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ጊዜው የሚያስቅ ጊዜ አልነበረማ። ሰው በአንድ ቃል ይጠፋ ነበር።

አቶ ታምራት ሽማግሌዎቹን ሁሉ ገና በጠዋቱ አጥበው፣ አስተኝተው፣ እስከ አገጫቸው አንሶላ አልብሰዋቸዋል። በረንዳው ላይ ሆነው «አረጋውያኑ በዕረፍት ላይ ናቸው ጓድ፤ ፀጥታው እንደሚታየው...» ሲሉ ሲት ሶፊያ ፊሽካቸውን ነፉ።

«ፈረቃ ገባ!»

በሩ ሁሉ ባንዴ ተከፈተ። ሽማግሌው እየተንደረደረ ወጣ። አንሶላው እግሩ ላይ የተጠመጠመበት አለ፤ ጫማውን በግራና በቀኝ ያጣላም አለ። እማማ አስካለ ወንበራቸውን እየጎተቱ ጉምሩካቸውን ከፈቱ። አቶ ታምራት ግድግዳውን ተደገፉ።

ጓድ ተቆጣጣሪው መነጽራቸውን አወለቁ። «ማኅበር የጠየቁት እርስዎ ነዎት?» አሉ።

«እኔ ነኝ ጓድ።»

«የሙያ ማኅበር መጀመሪያ ሙያ ይፈልጋል። አናጢ ሙያ አለው። ነርስ ሙያ አላት። ማጫወት ግን ማንም ያጫውታል፤ እኔም ቤቴ ልጆቼን አጫውታለሁ።»

«እንግዲያውስ እስቲ ያጫውቱልን» አሉ ሲት ሶፊያ። ፈገግ እንኳ አላሉም።

ሰውየው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው አጨበጨቡ። «እሺ አባቶቻችን! እስቲ ደስ የሚል ነገር እንዘምር!» አሉ፤ ለሕፃን በሚወጣ ድምፅ። ማንም አልዘመረም። ካቦ ኢብራሂም ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው።

«ይሄ ማነው?»

«ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው ካቦ» አለች ለተብርሃን።

«ቋሚ ነው የቀን ሠራተኛ?»

ወታደሩ ወደ ሰውየው አየ፤ ሰውየው ወደ ሲት ሶፊያ።

«ለጊዜው የቀን ሠራተኛ ናቸው» አሉ ሲት ሶፊያ።

«ና፣ እዚህ ቁም። ያን ነገርህን አውልቅ፣ ይጠልፍሃል።»

ሰውየው እሺ ማለታቸው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ምናልባት የካቦን ድምፅ ሰምቶ እንቢ ያለ ሰው ስለሌለ ይሆናል። የሳፋሪውን ኮት አወለቁና ረድፉ ውስጥ ገቡ። «ሄላ!» «ሆብ!» ትራሱ መጣ። የመጀመሪያውን ቀለቡ። ሁለተኛው ደረታቸውን መታቸው። ሦስተኛው ወደቀ።

«አንሣ! ይሄ ስኳር ቢሆን ኖሮ ባሕሩ ሻይ ሆኖ ነበር! ወገብህን አይደለም፣ ክንድህን! የት ነው የሠራኸው?»

«ቢሮ» አሉ ሰውየው እያለከለኩ።

«ያስታውቃል!»

ሽማግሌዎቹ ፈነዱ። ሰውየው ላባቸው በግንባራቸው እየወረደ ደግሞ ቀለቡ፤ ደግሞ ጣሉ። በመጨረሻ «አንድ ጊዜ... አንድ ጊዜ ልረፍ» ብለው የተገኘው ነገር ላይ ቁጭ አሉ። የተገኘው ነገር ባለ ጎማ ወንበር ነው። ወንበሩ የነበረበት ደግሞ ጠረጴዛው አጠገብ፣ መርከቡ አፍ ላይ።

እኔ ከበሩ ሆኜ አየሁ። ድስቱ ትዝ አለኝ።

ካቦ ኢብራሂም ዞር አሉ። ዕቃ አለ።

«ከባድ ነው! ለሁለት ያዙ! ሄላ!»

«ሆብ!»

ወንበሩ ተነሣ። ከዚህኛው ሽማግሌ እጅ ወደዚያኛው፣ ከዚያኛው ወደሚቀጥለው፣ ጎማው የማቶኔላ ንጣፉ ላይ እየጮኸ በረረ። ሰውየው «ኧረ! ኧረ ጓዶች! ሰው ነኝ!» ይላሉ። «ሆብ!» ይባላሉ። ወታደሩ ሊሮጥ ሲል ለተብርሃን ትራስ እጁ ላይ አኖረችለት። እጅህ ላይ የገባ ዕቃ አይቆምም፤ እሱም ክላሹን እንዳነገተ ለጎረቤቱ አሳለፈ። ሌላ መጣለት። ያንንም አሳለፈ። አልቋል፣ ሠራተኛ ሆነ።

ጉምሩክ ላይ እማማ አስካለ እጃቸውን ዘረጉ። «ቁም! ፍተሻ!» ኪሳቸው ውስጥ ገቡ። ማበጠሪያ ወጣ፤ መሐረብ ወጣ፤ አንድ እፍኝ ከረሜላ ወጣ።

«ኮንትሮባንድ!»

ከረሜላው እዚያው ተወረሰና ለጉምሩክ ሠራተኞች ተከፋፈለ። እማማ አስካለ አንዱን ልጠው አፋቸው ውስጥ ከተው «ይለፍ» አሉ። ወንበሩ ተዳፋቱን ያዘ። ሰውየው መሐረባቸውን ጨብጠው ቁልቁል ወደ እኔ መጡ። በደረቴ አስቆምኳቸው።

«መውጫ?» አልኩ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አፌ ነው ያለው። ለዓመት ያን ሲል የኖረ አፍ ነው።

«ምን መውጫ? እኔ እኮ ጓድ...»

«ከመርከብ የወረደ ነገር ያለ መውጫ ከበር አይወጣም።»

«ዕቃ ነኝ እንዴ?»

ካቦ ኢብራሂም ከበረንዳው «ዕቃ ነው! እኔ ራሴ ነኝ ያወረድኩት!» ብለው ጮኹ።

«አውሮፕላኔ ሊሄድ ነው!»

«ይሂዳ» አልኩ። «በሩን የምከፍተው በሲት ሶፊያ ቃል ነው።»

አቶ ታምራት እየሮጡ መጡ፤ ፊታቸው ኖራ መስሏል። «ሰይድ! ክፈት! ክፈት ብያለሁ!» ቁልፉን በጡጫዬ ጨበጥኩት። ሲት ሶፊያ በዝግታ ተዳፋቱን ወረዱ፤ ቀሚሳቸው በነፋስ ተነፍቷል። ሰውየው ከወንበሩ ላይ ቀና ብለው አዩአቸው።

«እባክዎ መውጫ ይስጡኝ።»

«በደስታ ነበር ጓድ» አሉ ሲት ሶፊያ። «ግን መውጫ የሚሰጠው ማኅበሩ ነው። ማኅበሩ ደግሞ ገና ዕውቅና የለውም።»

ወታደሩ ትራስ አቅፎ ቆሟል። አሁን አለቀልን አልኩ በሆዴ። ልጆቼን አሰብኩ። ሲት ሶፊያ ግን ዓይናቸውን ከሰውየው ላይ አላነሡም። የፊሽካውን ክር ብቻ በጣታቸው ይጠመጥሙት ነበር፤ እሱን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሰውየው መጀመሪያ ትከሻቸው ተነቃነቀ። የሚያለቅሱ መሰለኝ። ቀጥሎ ከሆዳቸው የሆነ ድምፅ ወጣ። ሳቅ ነው። ያ የማይፈታ ከንፈር ተፈታ። ወንበሩ ላይ ታጥፈው፣ መሐረባቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው፣ «ወይኔ... ወይኔ ሆዴ...» እያሉ ሳቁ። ሲት ሶፊያም ፈነዱና በመዳፋቸው ትከሻቸውን መቱዋቸው። የመንግሥትን ትከሻ! ወታደሩ ሳቀ። ሽማግሌው ሁሉ ሳቀ። እማማ አስካለ ከረሜላው ትን አላቸውና ውኃ ተፈለገ።

ሰውየው ትንፋሻቸው ሲመለስ «ይህን ወንበር ከያዝኩ ወዲህ እንቢ ያለኝ ሰው የለም» አሉ። የትኛውን ወንበር ማለታቸው እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ። ከዚያ ወደ በረንዳው ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ማጫወት ሙያ ነው። እኔ አልቻልኩም፤ ሁላችሁም አይታችኋል። ማኅበሩ ከዛሬ ጀምሮ ታውቋል። አቶ ታምራት፣ እነዚህን ሰዎች ከሥራቸው ቢያነሡ ተጠያቂ እርስዎ ነዎት።»

ሲት ሶፊያ ፊሽካቸውን አንድ ጊዜ አጠር አድርገው ነፉ። በሩን ከፈትኩ። ሰውየው መኪናቸው ውስጥ ከገቡ በኋላ እንደገና ወረዱ። ለካስ ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ትራስ ብብታቸው ሥር ነበር። እጄ ላይ አኑረውልኝ «ይህም መውጫ የለውም» አሉና ሄዱ።

ወደ ማምሻው ነፋሱ ቀዝቀዝ ሲል ሲት ሶፊያ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ በሩ ጋ መጡ። ድምፃቸው ጠፍቷል፤ ሲስቁ ውለው።

«ያ ሰይድ፣ ፈርተህ ነበር?»

«እንዴት አልፈራ!»

«ታዲያ ለምን አላሳለፍከውም?»

«ቃልዎን አልሰማሁማ።»

አዩኝ። እንደሚመቱኝ አውቄ ትከሻዬን አዘጋጀሁ። አልመቱኝም። እጃቸውን እዚያው ላይ አሳረፉትና «አሁን ባለሙያ ነህ። እንዳታሳፍረኝ» አሉኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ፀሐይ ሳትከር ዳማውን ዘረጋሁ። ካቦ ኢብራሂም አዲስ ቆብ ደፍተው መጡ። ትናንት ጓድ ያህል ነገር ያራገፉ ሰው ናቸው፤ ዛሬማ የሚሸነፍላቸው መስሏቸዋል። ቆርኪያቸውን አስገቡ። አንድ ክፍት ቦታ ነበረ፤ ያላየሁ መስዬ ባልፈው ያሸንፉኝ ነበር። በረንዳው ላይ ሲት ሶፊያ ቆመው ያዩናል።

በላኋቸው። ሦስቱንም ባንዴ ጠርጌ በላኋቸው።

ካቦ ኢብራሂም ቆርኪውን በተኑት። ባቲንም፣ የባቲን ሰኞ ገበያም፣ የወለደችኝንም ረገሙ። ምርኩዛቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው «ነገ! ነገ ታያታለህ!» ብለው እየፎከሩ ወደ ቁርሳቸው ሄዱ። እኔም ቆርኪዎቹን ከአሸዋው አንድ በአንድ ለቀምኩና ለነገ አስቀመጥኳቸው።